«ተመረጡ»፣ «ተሾሙ» ወይስ «አስመረጧቸው»?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1832 ስለተሰረዘው የእንግሊዝ የምርጫ ክልል፣ ስለ ኦልድ ሳረም፣ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ሕዝቡ ሁለት እንደራሴ ይመርጥ ነበር» ብዬ ብጽፍ አርታኢዬ «የትኛው ሕዝብ?» ብለው ሰረዙብኝ። «ተመረጡ» ልበል ወይስ «ተሾሙ»?

መልስ፦ አርታኢዎ እውነት አላቸው። ኦልድ ሳረም ሳልዝበሪ አጠገብ ያለ ኮረብታ ነው። በ1220 አዲሱ ካቴድራል ከታች ሜዳው ላይ መሠራት ሲጀምር ሰዉም ተከትሎ ወረደ፤ ከጊዜ በኋላ ኮረብታው ላይ የቀረው ፍርስራሽና ሣር ብቻ ሆነ። ሁለቱ የፓርላማ ወንበሮች ግን ከኮረብታው አልወረዱም። የመምረጥ መብት የሚገኘው በነዋሪነት ሳይሆን በቦታ ይዞታ ስለነበር መሬቱን የገዛ ወንበሩንም አብሮ ይገዛል። በ1831 የነበሩት መራጮች 11 ሲሆኑ አንዳቸውም እዚያ አይኖሩም ነበር።

«ተመረጡ» ስሕተት የለበትም። ችግሩ፣ ተገብሮ ግሥ አድራጊውን ይሸሽጋል፤ የኦልድ ሳረም ወግ ደግሞ ያለ አድራጊው ወግ አይሆንም። «ተሾሙ» በበኩሉ ከልኩ ያልፋል። ለወጉ ያህልም ቢሆን ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ያውም በአደባባይ፣ በብሪታንያ የምስጢር ድምፅ የመጣው በ1872 ነውና።

እኔ «አስመረጠ»ን እመርጣለሁ። «በ1735 ባለርስቱ ቶማስ ፒት ታናሽ ወንድሙን ዊልያምን ከኦልድ ሳረም አስመረጠው» ቢሉ ድምፅ መሰጠቱም፣ ከበስተጀርባ ያለው እጅም በአንድ ግሥ ይገባሉ። (ይኸው ዊልያም ነው ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው።)

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በዕድሩም በማኅበሩም «አስመራጭ ኮሚቴ» ስለምንል ቃሉ የገለልተኛ ሰው ሥራም ይመስላል። «ቶማስ አስመረጠ» ብለው ካቆሙ ሰውየው ድምፅ ቆጣሪ ሆኖ ቁጭ ይላል። ተሳቢውን አይጣሉ፦ «አስመረጠው»፣ «አስመረጧቸው»። ርስቱ በ1802 ለካለዶን መስፍን በ60,000 ፓውንድ ሲሸጥ ከመሬቱ ጋር እጅ የለወጠው ይኸው የማስመረጥ ሥልጣን ነው፤ ለባዶ ኮረብታ ያን ያህል የሚከፍል የለም።

ሌላው ቀላል ነው። «ክልል» ብቻውን ከቆመ የኛ አንባቢ ክልላዊ መንግሥት ይመስለዋል፤ «የምርጫ ክልል» ብለው ሙሉውን ይጻፉ። «የምርጫ ጣቢያ» ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ስለሆነ እዚህ አይገባም።