የቲነር ሽታና ቀዝቃዛ ፕላዝማ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ቫርኒሽ ስንረጭ የቲነሩ ሽታ ጎረቤት አስመርሯል። ቀዝቃዛ ፕላዝማ የሚባለው መሣሪያ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ይሠራል፤ ለእርስዎ ግን አንመክርም። ፕላዝማ ማለት በኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሮኖች የተላቀቁበት ጋዝ ነው። በመሣሪያው ውስጥ በሁለት ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ብረቶች) መካከል ሴራሚክ ገብቶ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ፣ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ቮልት ተለዋጭ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። አየሩ እምብዛም ሳይሞቅ ኤሌክትሮኖቹ ኦክስጅንንና የውሃ ተንን ይሰባብራሉ፤ ስብርባሪዎቹም የቲነሩን ቶሉዊን (ሽታ ያለውን ኬሚካል) ይበሉታል።

ችግሩ ሒሳቡ ነው። ለአንድ ሊትር አየር 100 ጁል የኤሌክትሪክ ጉልበት ብቻ ብንመድብ እንኳ፣ በሰዓት 1000 ሜትር ኩብ ለሚስብ ማራገቢያ 28 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል። (ለአንድ ሥራ ቤት!) ኦዞን የተባለ የሚሸት ጋዝም ያመነጫል፤ ከኋላው ይህን የሚያፈርስ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ማጣሪያ ካልተገጠመ ጎረቤትዎ ከአንዱ ሽታ ወደ ሌላው ተሸጋገረ ማለት ነው። የቫርኒሽ ጉም ሴራሚኩ ላይ ከተጋገረ ብልጭታው አንድ ቦታ ይበረታና ይሰነጥቀዋል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን፣ የቶሉዊን ተን ከአየሩ 1.1 በመቶ ገደማ ሲደርስ በብልጭታ መፈንዳቱ ነው።

መጀመሪያ ጉሙን የሚይዝ ደረቅ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ አክቲቭ ካርቦን (ተን እንዲይዝ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል) ይግጠሙ። 10 ኪሎ ካርቦን በግምት 1 ኪሎ ተን ይይዛል፤ ሽታው ከጭስ ማውጫው መውጣት ሲጀምር ይቀይሩት። የምድጃ ከሰል አይተካውም።