ስሎው ኩከር ቁሌት አይሠራም

ጥያቄ፦ ጠዋት ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውንና ዶሮውን አንድ ላይ ስሎው ኩከር (በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ሰዓት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) ውስጥ ጨምሬ ሥራ እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ ሥጋው በስሏል፤ ወጡ ግን ቀጥኗል፣ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ምን ላድርግ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የስሎው ኩከር ሙቀት ከፈላ ውሃ አያልፍም። ስለዚህ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። እንፋሎቱም ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ስለሚንጠባጠብ ወጡ አይወፍርም። የዶሮ ወጥ ጣዕም ያለው ደግሞ ቁሌቱ ላይ ነው፤ እሱን ምድጃ ላይ ጨርሱት።

ለ1 ዶሮ 1 ኪሎ ተኩል ሽንኩርት አድቅቃችሁ ከትፉና ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት አቁላሉ። መጀመሪያ ውሃ ያወጣል። ውሃው ደርቆ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ቡናማ እስኪሆን 40 ደቂቃ ያህል ታገሡ። ከዚያ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ በርበሬ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩበት። እሳቱን ቀንሳችሁ፣ እንዳያርር ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ 20 ደቂቃ አማስሉት። በማማሰያው የድስቱን መሃል ስታሰምሩት መስመሩ ቶሎ ካልተዘጋ፣ ዘይቱ ዳር ዳሩን ቀይ ሆኖ ከወጣ፣ ሽታውም ጉሮሮ መያዙን ከተወ ደርሷል። ይህን ማታ ሠርታችሁ ፍሪጅ ማሳደር ይቻላል፤ ጠዋት ግን አፍልታችሁ ስሎው ኩከሩ ውስጥ ጨምሩት፣ ቀዝቃዛ ከገባ ዕቃው እስኪሞቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

ቆዳው የተገፈፈ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ በደንብ የተንጠፈጠፈ ዶሮ ጨምሩ። ውሃ ከግማሽ ኩባያ አይለፍ፤ ዶሮው ራሱ ያወጣል። በዝቅተኛው ሙቀት ጭንና እግር ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል፣ ደረቱ ግን ከ4 ሰዓት በኋላ ይደርቃል። ቀኑን ሙሉ ከቤት የምትወጡ ከሆነ ደረቱን ተዉትና ጭን ብቻ ግዙ። በየመሃሉ ክዳኑን አትክፈቱ፤ በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀቱን ለመመለስ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ንጥር ቅቤና መከለሻ ጠዋት መጨመር ብክነት ነው፤ ሽታቸው በረጅሙ ሰዓት ይጠፋል። ማታ 3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ ጨውና የተቀቀለ እንቁላል ጨምራችሁ በከፍተኛው ሙቀት ክዳኑን ከፍታችሁ 30 ደቂቃ ተዉት። ያን ጊዜ ወጡ ይወፍራል።

ጥያቄ፦ ለቀይ ወጥ ስብ የሌለው ምርጥ ሥጋ እገዛለሁ፤ ሁልጊዜ ክር ክር ይላል።

መልስ፦ ምርጡ ሥጋ ነው ጥፋተኛው። ጅማት ያለው ትከሻና ቅልጥም ግዙ፤ ጅማቱ በ8 ሰዓት ቀልጦ ሥጋውን ያለሰልሰዋል፣ መረቁንም ያወፍረዋል። ከመጨመራችሁ በፊት ሥጋውን አድርቃችሁ በጋለ መጥበሻ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ጥበሱት። ካጨናነቃችሁት ውሃ ያወጣና ሳይጠበስ ይቀቀላል።

ጥያቄ፦ ቀይ ቦሎቄ በጥሬው ልጨምር?

መልስ፦ በጭራሽ። በጥሬው ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው፤ የስሎው ኩከር ዝቅተኛ ሙቀት ደግሞ አያጠፋውም። ማታ ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ በኃይል አፍልታችሁ ከዚያ ጨምሩት።