ባለመብቱ ዝም ማለቱ ፈቃድ ነውን?

ጥያቄ፦ በቶኪዮ የምማር ኢትዮጵያዊት ነኝ። የአንድ ታዋቂ ማንጋ (የጃፓን በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ገጸ ባሕርያትን እየወሰድሁ ዶጂንሺ፣ ማለትም በራሴ ወጪ የማሳትመው ቀልድ አዘል የሥዕል መጽሐፍ፣ እሠራለሁ። ኮሚኬት በተባለው የዶጂንሺ ገበያ ጥቂት ቅጂዎች ሸጫለሁ። ሁሉም ይሸጣል፤ የከለከለ የለም። በሕግ ያስጠይቀኛል? አሳታሚው «አቁሚ» ብሎ ቢጽፍልኝስ መልስ የምሰጠው በስንት ቀን ውስጥ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ። ደብዳቤ ያልደረሰው ሰው የመልስ ቀን ሲቆጥር ብዙም አላጋጠመኝም። ደርሶዎት ከሆነ አስቀድመው ሊነግሩኝ የሚገባው እሱን ነበር፤ ስለዚህ እንደደረሰዎት ቆጥሬ እመልሳለሁ። መልስ ከመጻፍዎ፣ ይቅርታ ከመጠየቅዎና በተለይም አብሮ የተላከ የግዴታ ሰነድ ካለ ከመፈረምዎ በፊት፣ በጃፓን ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያማክሩ። እኔ በዚያ አገር የጥብቅና ፈቃድ ስለሌለኝ የምጽፍልዎ አጠቃላይ ግንዛቤ ብቻ ነው።

የጃፓን የቅጂ መብት ሕግ ለፓሮዲ፣ ማለትም የሌላውን ሥራ አስመስሎ ለሚቀልድ ሥራ፣ የተለየ ነፃነት አይሰጥም። ሥራውን ለውጦ የመሥራት መብት በአንቀጽ 27፣ ሥራው ያለ ፈቃድ እንዳይለወጥ የመከላከል የሞራል መብት ደግሞ በአንቀጽ 20 ተጠብቋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ገጸ ባሕርይ እንደ ረቂቅ ሐሳብ ብቻውን በቅጂ መብት እንደማይጠበቅ ቢወስንም፣ የተሣለው መልክ ግን ይጠበቃል፤ አንባቢዎ ጀግናውን በጸጉሩና በልብሱ የሚለየው ከሆነ ይህ ውሳኔ አያድንዎትም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን «የከለከለ የለም» በሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ኮሚኬት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1975 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረና ዛሬ በቶኪዮ ቢግ ሳይት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚሰበስብ ገበያ ነው፤ አሳታሚዎች በዚያ ምን እንደሚሸጥ አሳምረው ያውቃሉ። ዝም የሚሉትም ዶጂንሺ የአድናቂውን ፍቅር ስለሚያሞቅና ነገ የሚቀጥሯቸው ሠዓሊዎች ከዚያ ስለሚወጡ ነው። ይህ ቸልታ እንጂ ፈቃድ አይደለም፤ ባለመብቱ በፈለገ ቀን ያነሣዋል። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1682 ለቀረበ ሐሳብ ዝም ማለት እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል፤ እርስዎ ደግሞ ለአሳታሚው ያቀረቡት ሐሳብ እንኳ የለም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ለአንዳንድ ጥሰቶች ያለ ባለመብቱ አቤቱታ መክሰስ ይቻላል ሲል፣ የተለመደው የዶጂንሺ ፓሮዲ ከዚህ ውጭ እንዲሆን ተደርጎ ተቀርጿል። ብዙዎች ይህን «ተፈቀደ» ብለው አነበቡት። የተባለው ግን ዐቃቤ ሕግ በራሱ አነሳሽነት አይከስም ነው፤ ባለመብቱ አቤቱታ ካቀረበ እስከ 10 ዓመት እስራት ወይም እስከ 10 ሚሊዮን የን መቀጮ ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል። የወንጀል አቤቱታው አጥፊው ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ በስድስት ወር መቅረብ ቢኖርበትም፣ የፍትሐ ብሔሩ የካሳ ጥያቄ የራሱ የተለየና ረዘም ያለ ይርጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥራዋን ያለ ፈቃድ በድረ ገጽ ለለጠፉባት የዶጂንሺ ደራሲ ካሳ መፍረዱም እውነት ነው፤ ሆኖም በዚያ ክርክር የዋናው ማንጋ ባለመብት አልተካፈለም።

ቸልታው የሚያልቅበትን ቦታ ለማየት ዶራኤሞን ለተባለው ታዋቂ ማንጋ በራሱ «የመጨረሻ ክፍል» የፈጠረለትን ሠዓሊ ያስታውሱ። መጽሐፉ ዋናውን እስኪመስል ድረስ ተዘጋጅቶ 13 ሺህ ቅጂ ያህል ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሠዓሊው ይቅርታ ጠይቆ ከገቢው ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ። እንግዲህ የእርስዎ «ጥቂት» ስንት ነው? ሁለተኛ አሳትመዋል? ለመጻሕፍት መደብር አስረክበዋል? በኢንተርኔት የሚወርድ ቅጂ ወይም የቁልፍ መያዣ ሸጠዋል? ሽፋኑ ላይ የዋናው ማንጋ አርማ አለ? ከሥዕሎቹ ውስጥ ከዋናው ማንጋ ላይ በቀጥታ ተቀድቶ የተሣለ አለ? እነዚህን አለመግለጽዎ ያሳስበኛል።

ሽያጩን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ነገር ግን ምንም አይሰርዙ፣ አያቃጥሉም። የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝ፣ የሽያጭ መዝገብዎን፣ የሥዕሎቹን ረቂቅና ደብዳቤውን የመድረሻ ቀኑ ከሚታይበት ፖስታ ጋር በአንድ ያኑሩ፤ አሳታሚው ስለ አድናቂ ሥራዎች ያወጣው መመሪያ ካለም ያትሙት። አቅም ካነሰዎት የጃፓን የሕግ ድጋፍ ማዕከል የሆነው ሆቴራሱ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎችም ስለሚያገለግል ይጠይቁ።

ስለ ቪዛዎ አንድም ቃል አልጻፉም። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው የሚያገኘው የተለመደው የሳምንት 28 ሰዓት የሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ ለሚሠራ የታሰበ ነው፤ ሰዓቱ የማይለካ የግል ንግድ የተለየ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የመኖሪያ ካርድዎን ቅጂ ከደብዳቤው ጋር ይዘው ይሂዱ፤ ጠበቃው ለአሳታሚው የሚጽፈውን የገቢ መጠን ከመወሰኑ በፊት ይህንንም ማየት አለበት።