ችግኙን ምን ያህል ከፍ አድርጌ ልትከል?

ቦታው እየሞቀ ዛፎቹ መድረቅ ስለጀመሩ ወደ ተራራው ልታወጣቸው አስበህ፣ ከፍታው ላይ ነው የተጠራጠርከው። ለጊዜው ከ150 እስከ 200 ሜትር ይበቃሃል።

1000 ሜትር ስትወጣ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የአንድ ዲግሪ ጭማሪ 170 ሜትር አካባቢ ማለት ነው። የዛሬ 80 ዓመት የሚመጣውን ሙቀት አስበህ 600 ሜትር ብታወጣው ግን ያንን ሙቀት ሳያይ በመጀመሪያው ውርጭ ያልቅብሃል። ለጋ ችግኝ መቋቋም ያለበት የዘንድሮን ብርድ ነው።

1. ዘሩን ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ከብዙ እናት ዛፎች ልቀም።
2. በሁለት ሦስት ከፍታ ከፋፍለህ ትከል፣ የተወሰነውን ደግሞ ለማነጻጸሪያ እዚያው ነባር ቦታው ላይ ተው።

ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ማዛወሩ ይሠራል። ዛፍ ባይሆኑም፣ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን የተወሰዱ ሁለት የቢራቢሮ ዝርያዎች በአዲሱ ቦታ ተራብተዋል።

አደራ የምልህ ግን አፈሩን ይዘህ እንዳትሄድ። እኔ አንድ ጊዜ ችግኝ ከነአፈሩ አዛውሬ የሥር በሽታ አብሮ ገባና እዚያ ለዘመናት የኖሩትን ዛፎች ጭምር አደረቀብኝ፤ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ዘሩን ብቻ ውሰድና እዚያው አፍላው።