«እናንተ ካላችሁ» ማለት ተስማማሁ ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ78 ዓመት አባትሽ የመርሳት በሽታ አለባቸው፤ ሐኪሙ የፕሮስቴት (የወንዶችን የሽንት መውጫ የሚከብ ዕጢ) ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ብሏል፤ ወንድሞችሽ «ነግረን ከምናስጨንቃቸው እኛው ፈርመን እናስገባቸው» ይላሉ፤ አንቺን ግን ልብሽ እምቢ ብሎሻል። ልብሽን ስሚው። እኛ ቤት ከአራት ዓመት በፊት ያደረግነው ወንድሞችሽ የሚሉትን ነበርና የሆነውን ልንገርሽ።

የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። እናቴ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ እንዳለባት ካወቅን ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ስለለበሱ ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። ሐኪሙ የሚያናግረው እኔን ነበር፤ እሷ በመካከላችን ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ታሻሻለች። ቤት ገብተን «ዓይንሽን ሊያክሙሽ ነው፣ እሺ?» አልናት። «እናንተ ካላችሁ ምን አለ» አለች። እኛም ተስማማች ብለን ደስ አለን። የእኛ ሽማግሌዎች «እናንተ ካላችሁ» ሲሉ ብዙ ጊዜ «አልገባኝም፤ ግን ላስቸግራችሁ አልፈልግም» ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አላስተዋልኩም።

በቀጠሮው ቀን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ነርሷ አንገትሽ ላይ ያለውን አውልቂ ስትላት እናቴ ጮኸች። አንገቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ «አትንኩኝ» አለች። ሊይዟት ሲሞክሩ ባሰባት። ወንድሜ «ጃጅታለች፣ የምትለውን አታውቅም» አለ፤ ይዘናት ተመለስን። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ማተቧን በጣቶቿ እየዳሰሰች «ያለ ማተቤ ብሞትስ?» ስትለኝ አለቀስኩ። ለካ እናቴ እምቢ ያለችው ማተቧን መፍታት እንጂ መታከምን አልነበረም። የምትለውንም በሚገባ ታውቅ ነበር፤ የጠየቃት ሰው ነው የጠፋው።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ሌላ ሰዎች ሆነን ሄድን። ሐኪሙን ወንበሩን ወደ እሷ እንዲያዞር ለመንኩት፤ አዞረ። ክሩ አንገቷ ላይ እንዲቆይ፣ የብረት መስቀሉን ብቻ እኔ እንድይዝላት አስቀድመን ከነርሷ ጋር ተስማማን። ዓይኗ ብቻ ደንዝዞ፣ እሷ ነቅታ፣ ፊቷ በጨርቅ ተሸፍኖ ሳትንቀሳቀስ መተኛት እንዳለባት ስለተነገረን፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፊቷን በነጠላ እየሸፈንኩ አለማመድኳት። መጀመሪያ ቀን ወዲያው ገፍፋ ጣለችው። በአራተኛው ቀን ከነጠላው ሥር ውዳሴ ማርያም በቃሏ ስትደግም ሰማኋት። ቁርሷን የረሳች ሴት ውዳሴ ማርያምን አልረሳችም። በቀዶ ሕክምናው ጊዜም በልቧ ያንኑ እየደገመች ተኛች።

ስለዚህ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ግን አጠያየቁን አስቢበት። እናቴ የምትሻለው ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ አመሻሽ ላይ ግራ ትጋባለች። የአባትሽን ጥሩ ሰዓት አንቺ ታውቂዋለሽ። ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ መነጽራቸውን አድርጊላቸው፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጪ። ወንድሞችሽ ተሰብስበው አይክበቧቸው፤ ፍርድ ቤት የቀረቡ ይመስላቸዋል። «ፕሮስቴት» ከማለት ይልቅ የሚያውቁትን ሕመም አንሺ፦ «አባባ፣ ሌሊት ሽንት እያስነሣ እንቅልፍ ነሣዎት አይደል?» ካልሻቸው በኋላ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ንገሪያቸው። መድኃኒት ብቻ እየወሰዱ መቆየት ይቻል እንደሆነም ሐኪሙን አስቀድመሽ ጠይቂ። ከዚያ «ምን እንዳልኩዎት ይንገሩኝ» በያቸው። መልሳቸውን ጽፈሽ ያዢና በሌላ ቀን፣ ደግሞም በሌላ ቀን ጠይቂያቸው። መጠየቃቸውን ቢረሱም ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ እሱ የእሳቸው ውሳኔ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ማመዛዘን ቢያቅታቸው እንኳ ማን አብሯቸው እንዲያድር፣ ማን እንዲያጥባቸው መምረጥ ላያቅታቸው ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። ግራ መጋባታቸው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰ የመርሳት በሽታው ነው ብላችሁ አትተዉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውኃ ማነስ ወይም አዲስ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል። ቶሎ አሳዩአቸው፤ ሊዘገይ የሚችለውን ውሳኔ እስኪሻላቸው አቆዩት። ሽንታቸው ጨርሶ ከታገደ ግን ያ ድንገተኛ ነው፤ ለምክክር አትቀመጡ። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ለቀናት መቃዠት በአረጋውያን ላይ የሚታይ፣ የመርሳት በሽታ ባለባቸው ደግሞ የሚብስ ስለሆነ ሐኪሙ ይህን ለእሳቸውም ለእናንተም አስቀድሞ እንዲያስረዳ ጠይቁት።

ወንድሞችሽ «ልጆቹ ነን፣ እንፈርማለን» ካሉ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20ን አሳዪያቸው። ማንም ሰው ምርመራንም ሕክምናንም በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት ይችላል ይላል። በሕግ ከታዘዘ ምርመራና ክትባት ሌላ፣ የተለየ የሚሆነው ለአካለ መጠን ያልደረሱና በፍርድ የተከለከሉ (ፍርድ ቤት ራሳቸውን ማስተዳደር አይችሉም ያላቸው) ሰዎች ሞግዚት ለጤናቸው የሚጠቅም ሕክምና ማስደረግ መቻሉ ነው፤ ልጅ መሆን ብቻውን ሞግዚት አያደርግም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ሰው በውሳኔው እንዲታገዝ እንጂ ሌላ ሰው እንዲወስንለት አይደለም የሚለው። ይህን የምጽፍልሽ ለጠብ አይደለም። እኔና ወንድሜ በዚህ ጉዳይ ሦስት ወር ተኳርፈናል፤ የታረቅነውም የንስሐ አባታችን ገብተውበት ነው።

የእናቴ ግራ ዓይን ዳነ። ጠብታውን ከልጄ በቀር ማንም እንዲያደርግላት አልፈቀደችም፤ ልጄም ያኔ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀኙን እናሠራው ስንላት «አንዱ ይበቃኛል» አለች። በሦስት የተለያዩ ጠዋቶች ጠየቅኋት፤ ሦስቱንም ጊዜ «አንዱ ይበቃኛል» ነው ያለችው። ሐኪሙም ብትቆይ ምንም አስቸኳይ ነገር የለም አለን። ወንድሜ እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም፤ እኔም ቡና ስቀዳላት ሲኒውን ከቀኟ ሳስቀምጠው በእጇ እየዳበሰች ስትፈልገው ሳይ ልቤ ይነካል። አሁን በግራዋ ነው የማስቀምጥላት።