ጣሪያው ስላፈሰሰ ኪራይ መያዝ ይቻላል?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጣሪያው ያፈሳል፤ የሳሎኑ ኮርኒስ ረግፏል፤ ውኃው በግድግዳው ወርዶ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው አጠገብ ይደርሳል። ለአከራዩ በስልክ ደጋግሜ ብነግራቸውም «እሺ፣ ባለሙያ እልካለሁ» ከማለት ያለፈ ነገር አላደረጉም። በመጨረሻ 28,000 ብር አውጥቼ የሳሎኑን ጣሪያ አስጠገንኩ፤ የማድ ቤቱ ግን እስካሁን ያፈሳል። አሁን ደግሞ ቤቱን እንድለቅ ማስጠንቀቂያ ጽፈውልኛል። ያወጣሁትን ገንዘብ ማስመለስ እችላለሁ? ሊያስወጡኝስ ይችላሉ?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጣሪያው በዝርዝር ጽፈዋል፤ አከራዩ የሰጡዎት ማስጠንቀቂያ ምን ምክንያት እንደሚጠቅስ ግን አንድ ቃል አላሰፈሩም። ለጥገና ገንዘቡን ካወጡ በኋላ ኪራይ ስለመክፈልዎም ምንም አላሉም። ግምቴ ያወጡትን ገንዘብ ለማካካስ ለጥቂት ወራት ኪራይ ይዘዋል የሚል ነው። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን ለጠበቃ የማይነገር እውነት በኋላ በተከራካሪው አፍ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ያስቡ፤ ለዚህም ነው ከጣሪያው በፊት በዚህ ላይ የማተኩረው።

ጥገናን የሚመለከተው መሠረታዊ ሕግ ብዙም አያከራክርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ ይጥልበታል፤ በተከራይ ላይ የሚወድቁት እንደ በር፣ መስኮትና የውኃ ቧንቧ ያሉ ጥቃቅን ጥገናዎች ሲሆኑ፣ እነዚህም ቢሆኑ በእርጅና ብቻ የመጡ ከሆነ የተከራዩ ዕዳ አይደሉም። ውልዎ የተለየ ነገር ካልደነገገ በቀር የጣሪያ መፍሰስ የአከራዩ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በመብት በኩል ሚዛኑ ወደ እርስዎ ያደላል።

ተከራዮች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ የሚጀምረው እዚህ ነው። «እሳቸው ግዴታቸውን ካልተወጡ እኔስ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው አስተሳሰብ ለጆሮ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ደንበኞቼም በዚሁ ስሜት ኪራይ ካቆሙ በኋላ ነው ወደ ቢሮዬ የሚመጡት። ሕጉ ግን ሌላው ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የራሱን ግዴታ መፈጸሙን ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆኑን እንዲያሳይ ይፈልጋል (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1757)። ከሁሉም በላይ፣ በቤቱ ውስጥ እየኖሩ ሙሉውን ኪራይ መያዝ፣ ከፊሉ ብቻ ለተበላሸ ቤት ምንም አልከፍልም እንደ ማለት ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ጣሪያውን ያላስጠገኑት አከራይ ከሳሽ ይሆናሉ፤ በውኃ የሚሠቃዩት እርስዎ ደግሞ ተከሳሽ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት አከራይ በሕግ ከተመለከቱት ምክንያቶች ውጭ ተከራይን ሊያስወጣ አይችልም፤ ኪራይ አለመክፈል ግን ከነዚያ ምክንያቶች አንዱ ነው። አከራዩ ያልነበራቸውን ምክንያት በገዛ እጅዎ እንዳይሰጧቸው እሰጋለሁ።

«ዕዳዬን ከጥገናው ወጪ ጋር አቻቻልኩ» ቢሉም በቂ አይሆንም። ዕዳ የሚቻቻለው ሁለቱም ዕዳዎች መጠናቸው የታወቀና መከፈያ ጊዜያቸው የደረሰ ሲሆን ነው። የእርስዎ 28,000 ብር አከራዩ አምነው ካልተቀበሉት ወይም ፍርድ ቤት ካልወሰነው በስተቀር ገና አከራካሪ ሒሳብ ነው፤ የወሩ ኪራይ ግን በውል የተቆረጠ ነው። ከዚህም ሌላ ሕጉ አንድ ሰው ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል (አንቀጽ 1772)። በባለዕዳው ወጪ ሥራውን ራስ ለማሠራትም ፍርድ ቤት እንዲፈቅድ መጠየቅ እንደሚቻል ሕጉ ይደነግጋል። በስልክ የተባለን «እሺ» ዳኛ ፊት የሚያስረዳልዎ ማን ነው? አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢኖርዎ ኖሮ አሁን ያለዎት አቋም ፈጽሞ የተለየ ይሆን ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ያልከፈሉት ኪራይ ካለ ዛሬውኑ በባንክ ገቢ ያድርጉ፤ «ስለ ጥገናው ያለኝን መብት ጠብቄ የከፈልኩት» የሚል ደብዳቤም ለአከራዩ ይላኩ። ገንዘቡን አልቀበልም ካሉ ጠበቃዎን አማክረው በሕግ በተፈቀደው መንገድ በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ ይቻላል፤ ገንዘቡን ቤትዎ አስቀምጦ መጠበቅ ግን አይጠቅምዎትም። ቀጥሎ ስለ ማድ ቤቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ጉድለቱን፣ የታየበትን ጊዜና ሥራው እንዲያልቅ የሚጠብቁትን ተገቢ ቀነ ገደብ ይግለጹበት። ደብዳቤው በአደራ ፖስታ ይላክ ወይም አከራዩ በምስክሮች ፊት ፈርመው ይቀበሉት፤ አንድ ቅጂ እርስዎ ዘንድ ይቅር። በቀነ ገደቡ ካልተሠራ፣ ኪራዩ እንዲቀነስ፣ ጥገናው በአከራዩ ወጪ እንዲሠራ ወይም ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ያወጡት 28,000 ብርም በደረሰኝ፣ በፎቶግራፍና በሠራተኛው ምስክርነት የሚደገፍ ከሆነ በዚያው ክስ ሊጠየቅ ይችላል፤ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ አለመስጠትዎ ግን ጥያቄዎን እንደሚያከብደው አስቀድመው ይወቁት። የስልክ መልእክቶች ካሉዎት አንዱንም አያጥፉ። ውኃው ወደ ቆጣሪው የሚደርሰውን በተመለከተ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ዛሬውኑ አሳውቀው የጉዳቱን መግለጫ በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለሚይዙት ጠበቃ ይስጡ። ውልዎ በጽሑፍ ነው? በአዋጁ መሠረት ተመዝግቧል? በውሉ የተጻፈው ኪራይ በእርግጥ ከሚከፍሉት ጋር አንድ ነው? ብዙ ሰዎች አከራዩን ለማስደሰት አነስተኛ ቁጥር እየጻፉ ይፈርማሉ፤ ክርክር ሲመጣ ምን ያህል እንደከፈሉ ማስረዳት ይቸግራቸዋል፤ ኪራይ ይቀነስልኝ የሚለው ጥያቄም ከየትኛው ቁጥር እንደሚነሳ ግራ ያጋባል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ሳያፍሩ አስቀድመው ለጠበቃዎ ይንገሩ።

እዚህ የሰጠሁዎት አስተያየት በጥቂት መስመር የተገለጸ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሰነዶቹን ያየ ጠበቃ የሚሰጠውን ምክር አይተካም። አከራዩ የጻፉልዎ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ጊዜ ሳያልቅ ውሉን፣ ማስጠንቀቂያውን ራሱን፣ የባንክ ደረሰኞችን፣ የጥገናውን ደረሰኝና ፎቶግራፎቹን በአንድ አቃፊ ይዘው ወደ ጠበቃ ቢሮ ይሂዱ፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል በአቅራቢያዎ ካለ ደግሞ እዚያም መጠየቅ ይችላሉ። በማስጠንቀቂያው ላይ ያለው ቀን ምን ያህል እንደቀረው ዛሬ ይቁጠሩት።