መልስ፦ በልጄ ሲዱር (የአይሁድ የጸሎት መጽሐፍ) ላይ ምርቃቴን በአማርኛ መጻፍ እችላለሁ?

አዎ፣ በአማርኛ ጻፊ እህቴ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ሲዱር በሚቀበሉበት በዓል መምህራኑ የሚጠይቁት የወላጅን ቃል ነው እንጂ የዕብራይስጥ ችሎታን አይደለም። ጎረቤት እንዲጽፍልሽ አትስጪ። ልጅሽ ያንን የጸሎት መጽሐፍ በየማለዳው ስትከፍት የእናቷን የእጅ ጽሕፈት ማየት አለባት።

1. መጀመሪያ በሌላ ወረቀት ላይ ሞክሪው። ሦስት አራት መስመር ይበቃል።

2. ዓርብ ማታ ሴት ልጅ የምትመረቅበትን «እንደ ሣራ፣ እንደ ርብቃ፣ እንደ ራሔልና እንደ ልያ» የሚለውን አስገቢበት። አማርኛ ማንበብ ባትችል እንኳ አንቺ ስታነቢላት ስሞቹን ትለያቸዋለች።

3. ከሥሩ አጭር የዕብራይስጥ ትርጉም ከተቻለ ይጨመር፤ ቀኑንም በዕብራውያን አቆጣጠር ጻፊ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ መጽሐፉ የሚከፈተው ከቀኝ ነው። እኔ ለልጄ ስጽፍ እንደ አማርኛ መጽሐፍ ከግራ ከፈትኩና ምርቃቴ መጨረሻው ገጽ ላይ ቀረ። በበዓሉ ቀን ሌሎቹ ልጆች የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ሲያነቡ፣ የእኔው ልጅ ባዶው ገጽ ላይ ጣቱን አሳርፎ ቀና ብሎ በዓይኑ ፈለገኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ መጽሐፉን ገጾቹ የተጠረዙበት ጎን በቀኝ እጅሽ በኩል ሆኖ ያዢው፤ ከታተመው ርዕስ በፊት የምታገኚው ባዶ ገጽ የአንቺ ነው። ቀለሙ ወደ ጸሎቱ እንዳያልፍም በተራ እስክሪብቶ ጻፊ።